ጣሪያው እያፈሰሰ ያሸነፈው ቡድን

ነጋዴና ነጋዴ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ገበያ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። «ደህና ነው» የሚለውን መልስ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ሊሰጠው ይችላል። አንደኛው ዕቃውን አይቶ ገዝቶ፣ አስልቶ የሸጠ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጋዘኑ እያፈሰሰ፣ የዱቤ መዝገቡ እየወፈረ፣ የዕቃው ዋጋ ድንገት ስለናረለት ብቻ ያተረፈ ነው። ሒሳብ ሲዘጋ ሁለቱም ትርፍ ያሳያሉ። የሚለዩት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳው የቡናን ወይም የሲሚንቶን ዋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ከተማ የተነሳና የአገሩን ጋዜጠኞች፣ የቡድን ሥራ አስኪያጆችንና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎችን ለሁለት የከፈለ የበረዶ ሆኪ ክርክር ነው። ቶሮንቶ ለአንባቢያችን ባዕድ ከተማ አይደለችም። በዳንፎርዝ ጎዳና ዙሪያ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ፤ ከመካከላችንም እዚያ ወንድም ወይም እህት ያለው ብዙ ነው። ጨዋታው ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ይህም ሆኖ ክርክሩን ወደ ገበያ ገጽ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው በመሠረቱ የሒሳብ ጥያቄ ነው፦ ቡድኑ እያሸነፈ ሳለ ደጋፊው «ኧረ ተዉ፣ ይህ ድል ዕዳ አለበት» ቢል ማን ይሰማዋል?

ጨዋታውን ለማያውቅ

የበረዶ ሆኪን በእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ሆነው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወቱታል። የሚመታው ድቡልቡል ኳስ ሳይሆን «ፓክ» የሚባል ጠፍጣፋና ጠንካራ ጎማ ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት። በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ በዚያን ጊዜ 30 ቡድኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 82 ጊዜ ይጫወት ነበር። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል፤ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ 1 ነጥብ ይሰጠዋል። 16ቱ ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ፤ የመጨረሻው አሸናፊ ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ ያነሳል።

ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ይህን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከ2004 በኋላ ደግሞ ለዓመታት ጥሎ ማለፉን እንኳ ማየት ተስኖት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 በባለቤቶችና በተጫዋቾች አለመግባባት ምክንያት የውድድር ዘመኑ ወደ 48 ጨዋታ ሲያጥር ቡድኑ ተሳክቶለት አለፈ። በመጀመሪያው ዙር ከቦስተን ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሰ። በዚያ ወሳኝ ጨዋታ በመጨረሻው ክፍል 4 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፈ። ደጋፊው አነባ። በዚያው መጠን ግን «ቡድን አገኘን» ብሎ ተስፋ አደረገ።

በአንድ ወር 10 ድል

የሚቀጥለው የውድድር ዘመን በኦክቶበር 2013 ሲከፈት ተስፋው እውነት መሰለ። ሊፍስ በዚያ ወር 14 ጊዜ ተጫውቶ 10ሩን አሸነፈ። ከተማው በሰማያዊ ማሊያ ተሞላ። ቁጥር የሚመዘግቡ ደጋፊዎች ግን በየምሽቱ ሌላ ነገር እያዩ ነበር። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ወደ ግብ ብዙ ምት የላከው ተጋጣሚው ነው። ሚኒሶታን 4 ለ 1 በረቱበት ምሽት ሊፍሶች በ60 ደቂቃ ወደ ግብ የላኩት 14 ምት ብቻ ሲሆን፣ ተሸናፊው ሚኒሶታ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ልኮ ነበር። ኤድመንተንንም በተጨማሪ ሰዓት 6 ለ 5 አሸነፉ። አምስት ግብ አስገብቶ ማሸነፍ ለተመልካች ደስ ያሰኛል። ለሒሳብ ሹም ግን «ይህን ያህል ወጪ ከየት መጣ?» የሚያሰኝ ነው።

ክርክሩ ከዚህ ተነሳ። ለአያያዝ እንዲመቸን አንደኛውን «የነጥብ ወገን»፣ ሁለተኛውን «የምት ወገን» እያልን እንቀጥል።

የነጥብ ወገን ምን አለ?

የነጥብ ወገን መልስ አጭር ነው፦ በሠንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ምት ሳይሆን ነጥብ ነው። አሠልጣኙ ራንዲ ካርላይል እ.ኤ.አ. በ2007 ከአናሃይም ጋር ስታንሊ ካፕ ያነሳ ሰው ነው፤ ሥራውን አያውቅም ማን ይለዋል? ቡድኑ ተጋጣሚውን ከሩቅ እንዲመታ ይተወዋል፤ ኳሱን ሲነጥቅ ግን እንደ ፊል ኬሰል ባሉ ፈጣን አጥቂዎች በመልሶ ማጥቃት ይቀጣዋል። በመሆኑም የእኛ ምት ጥቂት ቢሆንም ጥሩ ነው፣ የእነሱ ብዙ ቢሆንም ተራ ነው አሉ። በረኛውም አለ። በጁን 2013 ከሎስ አንጀለስ የተገዛው ጆናታን በርኒዬር ከሊጉ አማካይ በረኛ በላይ እያዳነ ነበር። ጥሩ በረኛ ገዝቶ በእሱ ማሸነፍ ደግሞ ዕድል ሳይሆን ጥሩ ግዢ ነው።

ይህ መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። ሁሉም ምት እኩል አይደለም፤ ከግቡ አፍ የተላከና ከማዕዘን የተላከ አንድ ዋጋ የላቸውም። የበረኛ ችሎታም እውነተኛ ሀብት ነው። በተጨማሪም አማካዩ ዴቭ ቦላንድ በኖቬምበር መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ርቋል። «ሰው ሲሟላ መከላከሉ ይስተካከላል» የሚለው ተስፋም ከዚህ የመነጨ ነበር።

የምት ወገን ምን መለሰ?

የምት ወገን ደጋፊዎች ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና ጥቂት ጋዜጠኞች ነበሩ። መሣሪያዎቻቸው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «ኮርሲ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው የበፋሎ ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ ከነበረው ከጂም ኮርሲ ነው። ግቡ ላይ የደረሰውን፣ የሳተውንና በተከላካይ አካል የተመለሰውን የምት ሙከራ ሁሉ ይቆጥራል። ዓላማው ፓኩ በማን እጅ እንደሚውል ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የእኛን አንባቢ የሚማርክ ነው። አንድ ቡድን ከላካቸው 100 ምቶች ስንቱ ግብ እንደሆነ ይያዛል። በዚያ ላይ በረኛው ከተላኩበት 100 ምቶች ስንቱን እንዳዳነ ይደመራል። የአንዱ ቡድን ግብ የሌላው በረኛ ጉድለት ስለሆነ፣ ባዶ መረብ ላይ የሚገቡትን ካልቆጠርን የሊጉ ድምር ሁልጊዜ 100 ይሆናል። የአንድ ቡድን ድምር ለጥቂት ሳምንታት 103 ወይም 104 ሊደርስ ይችላል። ያለፉት ዓመታት መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 100 እንደሚመለስ ያሳያል። ከ100 በላይ ሆኖ ያሸነፈ ቡድን፣ እንደ እነሱ አባባል፣ ከገበያ አማካይ በላይ የሸጠ ነጋዴ ነው፤ ዋጋው ሲመለስ የሚተርፈው ያለው ክምችት ብቻ ነው።

ለዚህም ምስክር ጠሩ። ያው ሚኒሶታ በ2011 ዲሴምበር ላይ 20 አሸንፎ በመደበኛ ሰዓት 7 ብቻ በመሸነፉ ሊጉን ይመራ ነበር። ያኔም በተጋጣሚው እየተመታ ነበር የሚያሸንፈው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ 81 ነጥብ ይዞ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ቀረ። የምት ወገን በቶሮንቶ ላይ ያየው ያንኑ መንገድ ነው።

በወረቀትና በእርሳስ

ክርክሩን በስሜት ከመዳኘት በቁጥር መሞከር ይሻላል። በ2013-14 የውድድር ዘመን የአማካዩ ቡድን ግብ በአንድ ጨዋታ 30 ገደማ ምት ያስተናግድ ነበር። የቶሮንቶ ግን ወደ 36 የሚጠጋ፤ ይህም ከ30ዎቹ ቡድኖች ሁሉ የበዛው ነው። ልዩነቱ 6 ምት ነው። በረኛው ከ100 ምት 92 ያድናል ብንል፣ ከ6ቱ ምት የሚገባው 0.48 ግብ ነው። በ82 ጨዋታ ሲባዛ 39 ግብ ይሆናል። በሆኪ ሒሳብ አዋቂዎች ዘንድ በግምት 6 ግብ የአንድ ድል ዋጋ አለው። 39ን ለ6 ብናካፍል 6 ድል ተኩል፣ ማለትም 13 ነጥብ ይመጣል።

ይህ ግርድፍ ስሌት ነው። የነጥብ ወገን እንዳለው ከትርፉ ምቶች መካከል ብዙዎቹ ተራ ቢሆኑ ቁጥሩ ያንሳል። በግማሽ እንቀንሰው ብንል እንኳ ከ6 ነጥብ በላይ ይቀራል። ለማለፍና ለመቅረት የሚያንሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያህል ነው።

ሌላው ጉዳይ ሥጋቱ ነው። በረኛው ከ100 ምት አንድ ብቻ ተጨማሪ ቢያመልጠው፣ በየጨዋታው 36 ምት የሚላክበት ቡድን በዓመት ወደ 30 ግብ ይጨመርበታል። ይህም አምስት ድል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር የቶሮንቶ ትርፍ በሙሉ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ የሚሸጥ አስመጪ ደንበኛው እስከከፈለ ድረስ ሀብታም ነው።

ቀዳዳው የት ነበር?

ከሁለቱ ወገኖች ሌላ ቁጥሩን ትቶ ሜዳውን የሚመለከት ሦስተኛ ተከራካሪም ነበር። የእሱ ጥያቄ «ስንት ምት ተላከብን?» ሳይሆን «ለምን ተላከብን?» የሚል ነው። መልሱም ከበረኛው ፊት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ሰከንዶች ውስጥ ነው። የሊፍስ ተከላካይ ፓኩን ሲያገኝ ለጓደኛው አቀብሎ ከመውጣት ይልቅ ወደ መስታወቱ መትቶ ያስወጣዋል። ተጋጣሚው ያነሳውና መልሶ ይመጣል። አጥቂዎቹ ለመልሶ ማጥቃት ቸኩለው ቀድመው ስለሚወጡ ተከላካዩ የሚያቀብለው ሰው ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ፈጣን ግብ ፍለጋ የተያዘውን ፓክ ያስጥላል።

በዚያ ላይ በአራተኛው መስመር ዋና ሥራቸው ድብድብ የሆነ ተጫዋቾች ይሰለፉ ነበር። እነሱ በአንድ ምሽት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚጫወቱ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል። ከበጋው ዝውውር በፊት መከላከልንም ማጥቃትንም የሚችለው አማካይ ሚካይል ግራቦቭስኪ ቀሪ ውሉ እየተከፈለው ተሰናብቶ ነበር። መከላከል የበረኛውና የተከላካዩ ሥራ ብቻ ይመስላል። ፓኩን የመያዝ ችሎታ ግን ከአማካዩ ይጀምራል፤ ቶሮንቶ ከበጋው ገበያ ሲመለስ የጎደለውም እዚያ ላይ ነው።

የማርች ውድቀት

የምት ወገን «ይወድቃል» ያለው በኦክቶበር ነው። ኖቬምበርና ዲሴምበር ቀዘቀዙ፤ ቡድኑ ግን አልወደቀም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 በሚሺጋን ሰማይ ሥር በበረዶ መካከል፣ 105,491 ተመልካች በተገኘበት ጨዋታ ዲትሮይትን በመለያ ምት አሸነፈ። ማርች 13 ሎስ አንጀለስን 3 ለ 2 ሲረታ ከ68 ጨዋታ 80 ነጥብ ይዞ በማለፊያው ቦታ ተደላድሎ ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት የምት ወገን መሳለቂያ ሆኖ ከረመ። ይህን የገበያ ሰው ያውቀዋል፦ «ዋጋ ይወርዳል» ያለ ደላላ ዋጋው አምስት ወር ከቆየበት፣ በስድስተኛው ቢወርድም ያ አምስት ወር አይረሳለትም። የምት ወገን ምክንያቱን አወቀ እንጂ ቀኑን መቁረጥ አልቻለም።

በዚያው በሎስ አንጀለስ ምሽት በርኒዬር ተጎድቶ ወጣ። ተተኪው ጄምስ ራይመር ያንኑ የምት ዝናብ ተረከበ። ሊፍስ በተከታታይ ስምንት ጨዋታ ተሸነፈ። ከመጨረሻዎቹ 14 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2 ብቻ ነው፤ 12ቱን ያለ አንዳች ነጥብ አስረከበ። በ84 ነጥብ ጨረሰ። በምሥራቁ ክፍል የመጨረሻዎቹን ሁለት የማለፊያ ቦታዎች ያገኙት ቡድኖች 93 93 ነጥብ ነበራቸው። ጉድለቱ 9 ነጥብ ነው። ከላይ በእርሳስ ያገኘነውን 13 አንባቢ ያስታውስ።

ጥፋቱን በራይመር ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የኖረው ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ በርኒዬር ባልዲ ይዞ ከሥሩ ስለቆመ ብቻ ወለሉ ሳይረጥብ ቆየ።

በትርፍ ዓመት የተፈረመ ውል

ለዚህ ገጽ አንባቢ ከድሉና ከሽንፈቱ የበለጠ የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው። ትርፍ የመጣበትን ምክንያት አለማወቅ በራሱ ገንዘብ አያስከፍልም። የሚያስከፍለው በዚያ ትርፍ ተማምኖ የረጅም ጊዜ ውል ሲፈረም ነው።

በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለ። በ2013-14 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛው መጠን 64.3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ስለዚህ የቱንም ያህል ሀብታም ባለቤት ቢኖር፣ በአንዱ ላይ ያባከነውን ከኪሱ ጨምሮ አያካክሰውም። በ48ቱ ጨዋታ የተደሰተው አመራር በጁላይ 2013 አጥቂውን ዴቪድ ክላርክሰንን በ7 ዓመት ውል በ36.75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዓመት 5.25 ሚሊዮን፣ ማለትም ከጣሪያው 8 በመቶ ማለት ነው። ክላርክሰን በመጀመሪያው ዓመት 60 ጨዋታ ተጫውቶ 5 ግብ አገባ። በዲሴምበር 31 ቀን 2013 ደግሞ የቡድኑ አምበል ዲዮን ፋኑፍ ለ7 ዓመት በ49 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በሜይ 2014፣ ከውድቀቱ በኋላ፣ የአሠልጣኙ የካርላይል ውል በሁለት ዓመት ተራዘመ።

የሚደንቀው ሌላ ነገር አለ። በኖቬምበር 2013 የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዴቭ ኖኒስ ቶሮንቶ ውስጥ በተካሄደ የስፖርት አስተዳደር ጉባዔ ላይ፣ ለቁጥር ጥናት በበጀት ውስጥ ጉልህ ገንዘብ እየተያዘ ለዓመታት ሳይነካ መቆየቱን ተናግረው ነበር። ሕዝብ በነፃ እየቆጠረ የሚጮኸውን፣ ቡድኑ በተመደበ ገንዘብ እንኳ ለማስቆጠር አልፈለገም።

በ2014 በጋ ነፋሱ ተለወጠ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ብሬንዳን ሻናሃን በጁላይ የ28 ዓመቱን ካይል ዱባስን ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርገው ቀጠሩ። በነሐሴም ከምት ወገን ጸሐፊዎች መካከል ሦስቱ ራሳቸው በቡድኑ ተቀጠሩ። ሜዳው ላይ ግን አሠልጣኙም አጨዋወቱም ያው ነበሩ። በ2014-15 እንደገና ጥሩ ተጀመረ፤ እንደገና ሲመታ ዋለ። ካርላይል ውላቸው በተራዘመ በስምንተኛው ወር፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2015 ተሰናበቱ። ያኔ 21 አሸንፎ 16 በመደበኛ ሰዓት፣ 3 በተጨማሪ የተሸነፈው ቡድን ከቀሩት 42 ጨዋታዎች ያሸነፈው 9 ብቻ ነው። ኖኒስም በኤፕሪል ተከተሉ።

ክላርክሰን በፌብሩዋሪ 2015 ወደ ኮሎምበስ ሄደ። በለውጡ ቶሮንቶ የተቀበለው በጀርባ ሕመም መጫወት የማይችለውን ኔታን ሆርተንን ነው። የማይጫወት ሰው ደመወዝ ከጣሪያው ላይ ቅናሽ ስለሚያስገኝ፣ ከሚጫወተው ሰው ይልቅ የማይጫወተው ተመረጠ። በመጥፎ ውል የገባ ነጋዴ ለመውጣት የሚከፍለውን ዋጋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ይኖር ይሆን?

የምት ወገንም ሁልጊዜ አያሸንፍም

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የተቃራኒውን ማስረጃም እናቅርብ። በዚያው በ2013-14 ኒው ጀርዚ በምት ቆጠራ ከደህናዎቹ ቡድኖች አንዱ ነበር። ነገር ግን 13 ጊዜ ወደ መለያ ምት ሄዶ 13ቱንም ተሸነፈ፤ ከጥሎ ማለፉም ቀረ። መሠረቱ ጥሩ የሆነ ድርጅትም በአንድ ዓመት ውስጥ ሊከስር እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

ኮሎራዶ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሱም እየተመታ ያሸንፍ ነበር፤ እንደ ቶሮንቶ ግን በማርች አልወደቀም፤ 112 ነጥብ ሰብስቦ ጨረሰ። በመጀመሪያው ዙር ጥሎ ማለፍ በሚኒሶታ ተሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 90 ነጥብ ወርዶ ቀረ። ሒሳቡ መጣ፣ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ዘግይቶ።

ሦስተኛው ምሳሌ ሎስ አንጀለስ ነው። በ2011-12 ግብ ማግባት ተስኖት ደጋፊው ሲያማርር፣ ምት ቆጣሪዎቹ «ይህ ቡድን ከሠንጠረዡ የተሻለ ነው» ይሉ ነበር። በምዕራቡ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ ዋንጫውን አነሳ። በ2014ም ደገመው። በርካሽ ተሽጦ ያለ አክሲዮን ማለት ይህ ነው። ሦስቱ ምሳሌዎች ሲደመሩ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ምት መቁጠር ነገ የሚሆነውን አይነግርም፤ የዛሬው ዋጋ በምን ላይ እንደቆመ ግን ይነግራል።

ባለቤቶቹስ ምን ከሰሩ?

በገንዘብ ረገድ፣ ብዙም አልከሰሩም። ሮጀርስና ቤል የተባሉት ተፎካካሪ የካናዳ የቴሌኮም ኩባንያዎች የቡድኑን እናት ድርጅት 75 በመቶ ድርሻ በ2012 ሲገዙ ዋጋው 1.32 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ፎርብስ መጽሔት ሊፍስን 1 ቢሊዮን ዶላር የደረሰ የመጀመሪያው የሆኪ ቡድን ብሎታል። በ2024 ሮጀርስ የቤልን 37.5 በመቶ ድርሻ ለመግዛት የተስማማው በ4.7 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነው፤ ግዢውም በ2025 ተጠናቋል። እርግጥ ድርጅቱ የቅርጫት ኳስ ቡድንም ስላለው ጭማሪው የሆኪው ብቻ አይደለም። ያም ሆነ ይህ ባለቤቱ የያዘው ንብረት የቡድኑ መከላከል ሲያፈስም ዋጋው ይጨምራል። ትኬቱ ቡድኑ ቢሸነፍም ይሸጣልና።

ሆኖም ከዚህ የሚያመልጥ ሰው የለም። ሮጀርስ በኖቬምበር 2013 የሊጉን የካናዳ ቴሌቪዥን መብት ለ12 ዓመት በ5.2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛ። የቴሌቪዥን ትርፍ ያለው በጥሎ ማለፉ ወራት ነው። በ2014 ከሰባቱ የካናዳ ቡድኖች ያለፈው ሞንትሪያል ብቻ ሲሆን፣ በ2016 አንድም አላለፈም። ከሁሉም በላይ ግን ዋጋ የከፈለው ደጋፊው ነው። በኦክቶበር «ጣሪያው ያፈሳል» ያለው ደጋፊ፣ የሚወደውን ቡድን እንደማይወድ ተቆጥሮ ተሰደበ። በማርች ትክክል ሆኖ ሲገኝም የተረፈው ደስታ አልነበረም፤ የተሸነፈው የራሱ ቡድን ነውና።

ለእኛ ገበያ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ከተከፈተ ወዲህ፣ የአክሲዮን ዋጋና የዓመት ትርፍ ቁጥር ከበፊቱ ይበልጥ በአደባባይ መታየት ጀምሯል። ከፍ ያለ ትርፍ ያወጀ ድርጅት ሲታይ የቶሮንቶን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይጠቅማል። ትርፉ በየዓመቱ ከሚደገም ሥራ መጣ ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሆን የዋጋ ወይም የምንዛሪ ለውጥ? በአንድ ደንበኛ፣ በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል? ከሁሉም በላይ፣ በዚህ ትርፍ ተማምኖ ለስንት ዓመት የሚያስር ውል ተፈረመ?

ሦስቱንም ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ኪሳራ ሲመጣ አይደለም። ያኔ ሁሉም ይጠይቃል። በአሥር ድል ወር የሚጠይቅ ሰው ይሰደባል፤ በዚያ ወር ማስተካከል ግን ርካሽ ነው። ጣሪያ የሚጠገነው በበጋ ነው፤ ክረምት ከገባ በኋላ የሚቀረው ባልዲ መደርደር ብቻ ነው።